ጽንስን ከመወለዱ በፊት ስለ ማዞር፤ ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ እናቶች

እኅቴ ሆይ፤ የእርግዝናሽ ስምንተኛ ወር ተፈጽሞ ዘጠነኛው ሲጀምር ለክትትል ወደ ጤና ጣቢያ ሄደሽ፣ አዋላጇ እጇን ከሆድሽ ላይ አሳርፋ ከላይ ወደ ታች ከዳበሰች በኋላ ጥቂት ዝም ብላ «ልጁ ገና አልዞረም፤ በመቀመጫው ነው ያለው» ብላሽ እንደ ሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ላንቺ የተጻፈ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤትሽ ምክር ይበዛል፤ አማትሽ «ሆድ የምታቀና ሴት አለች፤ ትምጣ» ትላለች፣ ጎረቤትሽ «ሆድሽን ሊቀዱሽ ነው እንዴ?» ብላ ታስደነግጥሻለች፣ ባልሽም የሚለው ጠፍቶት ይተክዛል፤ በዚህ ሁሉ መካከል ሐኪሙ «ጽንሱን ከውጭ በእጅ ልናዞረው እንችል ይሆናል፤ ትፈቅጃለሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቅሻል። ይህን ጥያቄ በድንጋጤ መመለስ አይገባም። ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ጽንስን የሚያዞር እጅ የሚታመነው ወይም የሚፈራው ከበስተኋላው ባለው ነገር ነው፤ ከበስተኋላው የተዘጋጀ የቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው እጅ ይታመናል፣ ከበስተኋላው ጎጆና ጨለማ ብቻ ያለው እጅ ግን፣ ምንም እንኳ የገዛ አያትሽ እጅ ቢሆን፣ ይፈራል።

በሥርዓተ ተፈጥሮ ጽንስ በማኅፀን ውሃ ውስጥ እየተገላበጠ ይኖራልና በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ጽንሶች አንዱ ራሱን ወደ ላይ፣ መቀመጫውን ወደ ታች አድርጎ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም፤ ወራቱ እየገፋ ስፍራው እየጠበበ ሲሄድ አብዛኞቹ ያለ ማንም እርዳታ ራሳቸውን ወደ ታች አዙረው ይደላደላሉ፣ ቀኑ ሲደርስም ከ100 እናቶች በ3ቱ ወይም በ4ቱ ዘንድ ብቻ ሕፃኑ በመቀመጫው ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱ አንዳንድ ጊዜ ይታወቃል፤ መንታ መሆን፣ የሽርት ውሃ መብዛት ወይም ማነስ፣ የእንግዴ ልጁ በማኅፀን አፍ ላይ መቀመጥ፣ የማኅፀን ዕጢ፣ የማኅፀን ቅርጽ፣ ወይም ከብዙ ወሊድ በኋላ የሆድ ጡንቻ መላላት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ምንም ምክንያት አይገኝለትም። ስለዚህ «ውሃ ስለ ተሸከምሽ ነው፣ እንጨት ስለ ለቀምሽ ነው» ብሎ የሚወቅስሽ ሰው ቢኖር ወቀሳውን ከልብሽ አታስገቢው፤ በደል የለብሽም።

ነገሩ የሚያሳስበው በምጡ ሰዓት ስለሚሆነው ነው። ከሕፃን አካል ሁሉ ትልቁና ጠንካራው ራሱ ነው፤ ራሱ ቀድሞ ሲመጣ በብዙ ሰዓት ምጥ ቀስ በቀስ ቅርጹን ከመንገዱ ጋር እያስማማ መንገዱን ይከፍታል፣ የቀረው አካል ያለ ችግር ይከተለዋል፤ መቀመጫው ቀድሞ ሲመጣ ግን ለስላሳው አካል በጠባቡ በር ያልፍና ራሱ በመጨረሻ ይቀራል፣ በዚያችም ቅጽበት እትብቱ በራሱና በዳሌ አጥንትሽ መካከል ስለሚጨመቅ ሕፃኑ ትንፋሽ የሚያገኝበት መንገድ ይቋረጣል። እግሩን ያስቀደመ ከሆነ ደግሞ የሽርት ውሃው ሲፈስ እትብቱ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። ራሱን አስቀድሞ ለመጣ ሕፃን የማይከብደው የሩብ ሰዓት መዘግየት ለዚህኛው የሞትና የሕይወት ነገር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተግባርሽ ነገሩን ማረጋገጥ ነው። አንቺ ራስሽ ጥቂት ምልክት ታገኛለሽ፤ በጀርባሽ ጋደም ብለሽ መዳፍሽን ከጎድን አጥንትሽ በታች ብታሳርፊ ክብና ጠንካራ ነገር ይነካሻል፣ በጣትሽ ጫፍ ለስለስ አድርገሽ ነካ ብታደርጊው እንደ ኳስ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ የልጁም እርግጫ ከእምብርትሽ በላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች ወደ ሽንት ፊኛሽ ይሰማሻል። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ የሠለጠነ እጅም ሊሳሳት ይችላልና አልትራሳውንድ ካልታየ በቀር ውሳኔ አይወሰንም። አልትራሳውንዱ የሚነግርሽም የልጁን ራስ ስፍራ ብቻ አይደለም፤ እንግዴ ልጁ የት እንደ ተጣበቀ፣ ውሃው ስንት እንደ ሆነ፣ የሕፃኑ ክብደት፣ ራሱ ያለ ልክ አለመተለቁና አከርካሪው ደኅና መሆኑ፣ ራሱን ወደ ደረቱ ማጎንበሱ ወይም ወደ ኋላ ማቅናቱ፣ እግሮቹም የተዘረጉ ወይም የታጠፉ መሆናቸው ሁሉ ከዚያ ይገኛል። ወረቀቱን ተቀብለሽ በእጅሽ ያዢ፤ ብዙ እናት ምርመራውን አድርጋ ወረቀቱን ቤት ትታው ትመጣለችና እንደገና ሌላ ቀን ይባክናል።

ሁለተኛው ተግባር ቀን መቁጠር ነው፣ በዚህም ላይ ጥቂት እንድዘገይ ፍቀጅልኝ፤ በእኛ አገር ብዙ መልካም ውሳኔ የሚበላሸው ቀኑ ሳይታወቅ በመቅረቱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት ጽንስን ከውጭ በእጅ ማዞር የሚገባው 37ኛው ሳምንት ከተፈጸመ በኋላ ነው ይላል፤ አንዳንድ ሐኪሞች የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደውን እናት ከ36ኛው ሳምንት ጀምሮ ይቀበላሉ። ከዚያ በፊት ቢዞር ተመልሶ ሊገለበጥ ይችላል፣ ከዚያም በላይ በመዞሩ ምክንያት ወዲያው መወለድ ቢያስፈልገው ሳንባው ያልበሰለ ሕፃን ይወለዳል። ሳምንቱን ለማስላት የእኛ የዘመን አቆጣጠር ራሱ ረዳት ነው፤ ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ 37 ሳምንት ወይም 259 ቀን ማለት ከመጨረሻው የወር አበባሽ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ስምንት ወር ከ19 ቀን ነው። ለምሳሌ ያ ቀን የመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 የነበረ እንደ ሆነ፣ 37ኛው ሳምንት የሚፈጸመው ሰኔ 6 ቀን ነው፣ 40ኛውም ሳምንት የሚሞላው ሰኔ 27 ቀን ነው። ጳጉሜን በመካከል ከገባች አምስቱን ወይም ስድስቱን ቀን አብረሽ ቁጠሪ። አረጋውያን እመቤታችን ጌታን ፀንሳ የቆየችበትን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይዘው ሲቆጥሩ ትሰሚ ይሆናል፤ የእነርሱ ቁጥር ከፅንሰቱ ዕለት ይጀምራል፣ የሐኪሙ ግን ከወር አበባው ይነሣል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ስታደባልቂ ሁለት ሳምንት ያህል ትስቻለሽና ከየትኛው እንደምትነሺ ለይተሽ ተናገሪ። ቀኑን ጨርሶ የማታስታውሺ ከሆነም ከ24ኛው ሳምንት በፊት የተነሣሽው አልትራሳውንድ ዕድሜውን በደኅና ይነግራል፤ በዘጠነኛው ወር የሚነሣው ግን ለዚህ ጉዳይ እምነት አይጣልበትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ትታይ ብሎአል፤ ከስምንቱ አንዱ በ36ኛው ሳምንት የሚደረገው ነው፣ ገበያም ይሁን አዝመራ ያን ቀን እንዳያስቀርብሽ አደራ እላለሁ።

አሁን አማትሽ ስላለችው፣ ሆድን ስለ ማሸት ልናገር። በምዕራብ ሸዋ ገጠር ሁሉ፣ ከጅባት እስከ ጊንደበረት፣ ሆድ እየዳበሰች የልጁን አቀማመጥ የምታውቅ ሴት አትታጣም፤ እነዚህ እናቶች ሐኪም በሌለበት ዘመን ሌሊት በዝናብ ተጠርተው እየሄዱ የብዙውን ሰው እትብት የቆረጡ ናቸውና ላቃልላቸው አልደፍርም። በጣታቸው ጫፍ ያለው ዕውቀትም እውነተኛ ነው። የሌላቸው ግን ሦስት ነገር ነው፤ እንግዴ ልጁ የት እንዳለ የሚያይ መሣሪያ፣ በሚያሹበት ጊዜ የሕፃኑ ልብ መታወኩን የሚሰማ ጆሮ፣ እንግዴ ልጁ ተላቆ ደም ቢፈስ በደቂቃዎች ውስጥ ሕፃኑን የሚያወጣ የቀዶ ሕክምና ክፍል። የእጁ እንቅስቃሴ ከሐኪሙ ጋር ቢመሳሰል እንኳ ሥራው አንድ አይደለም፤ በቤት ውስጥ በቅቤ የሚደረግ ኃይለኛ ማሸት፣ ይልቁንም ምጥ ከመጣ በኋላ ከሆነ፣ እንግዴ ልጅን ለማላቀቅና ማኅፀንን ለመቅደድ የሚያደርስ አደጋ ነው። ለአማትሽ ስትመልሺላት ግን በቁጣ አይሁን፤ «እማዬ፣ እጅዎ እንዲዳብሰኝ እወዳለሁ፣ እንዲገፋኝ ግን አልፈቅድም፤ ይልቅ ሆስፒታል አብረውኝ ይምጡ» በያት። ከሚያስፈራሽ ሰው ይልቅ አብሮሽ የሚሄድ ሰው ያስፈልግሻል።

ጠበል ለመጠመቅ የምትሺም ብትሆኚ ሃይማኖትሽ አይከለክልሽም፣ ሐኪሙም አይከለክልሽም፤ ጠበሉ ግን የቀጠሮውን ቀን እንዳያሳልፍብሽ ተጠንቀቂ። በጉልበት ተንበርክኮ ደረትን ዝቅ፣ ዳሌን ከፍ አድርጎ መቆየት ልጁን ያዞራል የሚባለውም በምርመራ በቂ ማስረጃ አልተገኘለትም፤ ቢያደርጉት አይጎዳም፣ ተስፋን በእርሱ ላይ ጥሎ መቀመጥ ግን ይጎዳል።

ቀጥሎ የሚመጣው፣ ማዞር ጨርሶ የማይገባቸውን እናቶች መለየት ነው። እንግዴ ልጁ የማኅፀኑን አፍ የሸፈነ፣ መንታ ያረገዘች፣ የሽርት ውሃዋ የፈሰሰ፣ በቅርብ ቀን ደም የታያት፣ የሕፃኑ የልብ ትርታ የታወከ፣ ወይም በሌላ ምክንያት በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ የተወሰነላት እናት አትሞክረው። ከባድ የእርግዝና ደም ግፊት፣ የሽርት ውሃ እጅግ ማነስ፣ የሕፃኑ ከልክ በታች መቀጨጭም ሐኪሙን ወደ እምቢታ ያዘነብሉታል። ከዚህ በፊት በቀዶ ሕክምና የወለድሽ ከሆነ ነገሩ ጨርሶ የተከለከለ አይደለም፣ ነገር ግን የሚወስነው ያን ጠባሳ የመረመረ ልምድ ያለው ሐኪም ብቻ ነው፤ ይህን ታሪክሽን ሳትጠየቂ አስቀድመሽ ተናገሪ። የደም ዓይነትሽንም እወቂ፤ ኔጌቲቭ ከሆነ በማዞሩ ጊዜ የሕፃኑ ደም ከደምሽ ጋር ሊቀላቀልና ለሚቀጥለው እርግዝና በተለምዶ ሾተላይ የምንለውን መከራ ሊያመጣ ስለሚችል፣ የሾተላይ መከላከያ መርፌ ማዞሩ ከተደረገበት ሰዓት አንሥቶ በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት ይገባሻል። መርፌው በሁሉም ስፍራ በቀላሉ የሚገኝ አይደለምና ከማዞሩ ቀን በፊት መኖሩ ይረጋገጥ።

ከዚህ ሁሉ ያለፍሽ እንደ ሆነ፣ የምርጫው ሰዓት ደርሷል፤ ፊትሽ ያሉት መንገዶች ሦስት ናቸው፣ ማዞርን መሞከር፣ በተወሰነ ቀን በቀዶ ሕክምና መውለድ፣ ወይም በመቀመጫው እንዳለ በምጥ መውለድ። የማዞሩን ልክ በቁጥር ልንገርሽ፤ ከሁለት ሙከራ አንዱ ያህል ይሳካል፣ ለመጀመሪያ ልጅ ከ100 ወደ 40፣ ቀድማ ለወለደች እናት ወደ 60 ይደርሳል፤ ከተሳካላቸው ከ100 ከ5 የማይበልጡት ተመልሰው ይገለበጣሉ። በማዞሩ ምክንያት በአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ሕፃኑን ማውጣት የሚያስፈልገው ከ200 በ1 እናት ያህል ነው። ይህች አንዲት እናት ናት የሆስፒታሉን አስፈላጊነት የምታስረዳን፤ አምቦ ላይ ስትሆን በመንኮራኩር አልጋ ወደ ሚቀጥለው ክፍል ትገፋለች፣ ቤቷ ውስጥ ስትሆን ግን በቃሬዛ ተራራ ትወጣለች።

ስለ ሁለቱ ሌሎች መንገዶች በዓለም ብዙ ክርክር ተደርጎአል። እ.ኤ.አ. በ2000 በ26 አገሮች ውስጥ 2,088 እናቶችን ያካተተ አንድ ታላቅ ጥናት ታትሞ፣ በታቀደ ቀዶ ሕክምና ከተወለዱት ሕፃናት የሞቱት ወይም ክፉኛ የተጎዱት ከ100 ከ2 ያነሱ ሲሆኑ በምጥ እንዲወለዱ ከታቀዱት 5 መሆናቸውን ስላመለከተ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪም ወደ ቀዶ ሕክምና አዘነበለ። ሆኖም ያው ጥናት የሕፃናት ሞት በሚበዛባቸው አገሮች ልዩነቱ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፤ ልጆቹ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው በድጋሚ ሲታዩም በሞትና በአእምሮ እድገት መዘግየት በኩል በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት አልተገኘም። ስለዚህ በመቀመጫ መውለድ ሊሆን የማይችል ነገር አይደለም፤ ልጁ እግሩን ያላስቀደመ፣ ራሱን ያጎነበሰ፣ ክብደቱ መጠነኛ፣ አዋላጁም የሠለጠነ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉም የተከፈተ ሲሆን ነው።

እኔ ግን ለምዕራብ ሸዋ እናት ማዞሩ ከአዲስ አበባዋ እናት ይልቅ ይበልጥ የሚገባት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን ላስረዳ። ቀዶ ሕክምና የዛሬውን ልጅ ያድናል፣ በማኅፀን ላይ ግን ጠባሳ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ በምጥ ለመውለድ ከሚሞክሩ 200 እናቶች በአንዷ ያህል ያ ጠባሳ ሊተረተር ይችላል፣ የቀዶ ሕክምናው ቁጥር በጨመረ መጠንም እንግዴ ልጁ በጠባሳው ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የማለቱ አደጋ እየበዛ ይሄዳል። ሁለት ልጅ ወልዳ ለማቆም ያሰበች፣ ሆስፒታልም በታክሲ የምትደርስ የከተማ ሴት ይህን ጠባሳ በቀላሉ ተሸክማ ትኖራለች። አራትና አምስት ልጅ ለመውለድ የምታስብ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ጭቃ የሚውጠው ቀበሌ የምትኖር የጀልዱ ወይም የጊንደበረት እናት ግን ያን ጠባሳ ይዛ በሚቀጥሉት ወሊዶችዋ ሁሉ ሆስፒታል አጠገብ መገኘት ግድ ይሆንባታል። ስለዚህ ስንት ልጅ መውለድ እንደምትሹ ከባልሽ ጋር ሳትነጋገሪ አትወስኚ፤ ይህ ጥያቄ ከሐኪሙ ክፍል ይልቅ ከምድጃችሁ ዳር የሚመለስ ነው። በሌላ በኩል ይህ የመጨረሻ ልጅሽ ከሆነ፣ ማዞሩም ከሕመሙ የተነሣ ፍርሃት የሚያሳድርብሽ ከሆነ፣ ቀዶ ሕክምናውን መምረጥሽ የሚያሳፍር አይደለም።

ከወሰንሽ በኋላ የሚቀረው ስፍራውን ማግኘት ነው። ጤና ጣቢያ በአብዛኛው የቀዶ ሕክምና ክፍል የለውምና ማዞር በጤና ጣቢያ አይደረግም፤ የሪፈራል ወረቀት ተቀብለሽ ወደ ሆስፒታል ትሄጃለሽ። በአምቦ ከተማ ጠቅላላ ሆስፒታልና የዩኒቨርሲቲው ሪፈራል ሆስፒታል አሉ፣ ወደ ምዕራብም በጌዶ ሆስፒታል አለ፤ ነገር ግን ሆስፒታል ሁሉ፣ በሆስፒታሉም ውስጥ ሐኪም ሁሉ፣ ጽንስ ያዞራል ማለት አይደለም። ስለዚህ ሳታፍሪ እንዲህ ብለሽ ጠይቂ፤ «ዶክተር፣ ይህን ሥራ እርስዎ ራስዎ ሠርተውት ያውቃሉ? በዚያ ቀን ማደንዘዣ የሚሰጠው ባለሙያ ይኖራል ወይ? ደም ቢያስፈልገኝ ይገኛል ወይ? የልጁን ልብ በምን ትከታተላላችሁ?» መልካም ሐኪም በእነዚህ ጥያቄዎች አይቆጣም። የሚነገርሽ ነገር በአማርኛ ጠለቅ ብሎ የማይገባሽ ከሆነ በኦሮምኛ እንዲያስረዱሽ ለምኚ፤ ያልገባሽን ወረቀት መፈረም ፈቃድ አይባልም። በአካባቢው የሚያዞር ካልተገኘ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል እንዲጽፉልሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ከአምቦ አዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በቀን ይደረሳል፣ ከባኮ ለምትነሣ ግን ከ250 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ስለ ሆነ የምታድሪበት ዘመድ አስቀድመሽ ፈልጊ።

የማዞሩ ቀን እንደዚህ ይሆናል። በማለዳ ትደርሻለሽ፤ ድንገት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልግ ተብሎ ምግብ ሳትቀምሺ እንድትመጪ ሊያዙሽ ይችላሉ። አልትራሳውንዱ እንደገና ይታያል፤ አንዳንድ ልጅ በሌሊት ራሱ ዞሮ ይገኛልና ያን ጊዜ ደስ ብሎሽ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ። የልጁ ልብ ጥቂት ጊዜ ይደመጣል፣ ማኅፀንን የሚያላላ መድኃኒት ይሰጥሻል፤ መድኃኒቱ ልብሽን ያስመታዋል፣ እጅሽንም ያንቀጠቅጠው ይሆናል፣ አትደንግጪ፣ ያልፋል። ሽንትሽን ሸንተሽ ወደ ጎን ጥቂት ዘንበል ብለሽ ትጋደሚያለሽ፣ ሆድሽ ላይ የሚያንሸራትት ቅባት ይደረጋል። ከዚያ ሐኪሙ በአንድ እጁ ከእምብርትሽ በታች ገብቶ የልጁን መቀመጫ ከዳሌሽ ውስጥ ወደ ላይ ያነሣዋል፣ በሌላው እጁ ራሱን ከጎድንሽ ሥር ይዞ ወደ ጎን ይመራዋል፤ እጆቹ አይጣደፉም፣ ልጁ በግንባሩ በኩል እየተጠቀለለ እንደ ተገላበጠ ሕፃን ቀስ እያለ ይዞራል። ግፊቱ ከባድ ነው፣ ያማልም፤ ትንፋሽሽን ሳትይዢ በአፍሽ ቀስ አድርገሽ ተንፍሺ፣ ሆድሽንም አታጥብቂ። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፣ በየመካከሉም ልቡ ይደመጣል፤ የልብ ትርታው ለጊዜው ቀነስ ማለቱ ይታያል፣ ብዙ ጊዜም እጁ ሲነሣ ይመለሳል። ከሁሉ የሚበልጠው፣ «በቃኝ» የማለት ሥልጣን ያንቺ ነው፤ አንድ ጊዜ ስትናገሪ እጁ መነሣት አለበት፣ ይህንንም ከመጀመሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር ተስማሚ።

ቢሳካም ባይሳካም ወዲያው ተነሥተሽ ወደ ሚኒባስ አትሩጪ። ልቡ እንደገና ተደምጦ ካረጋገጡልሽ በኋላ እንኳ፣ ቤትሽ ሩቅ ከሆነ ያችን ሌሊት በአምቦ እደሪ፤ ደም ቢታይሽ፣ ውሃ ቢፈስሽ፣ የማያቋርጥ ሕመም ቢይዝሽ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ቢቀንስብሽ በማንኛውም ሰዓት ተመለሺ። ከሳምንት በኋላ አቀማመጡ እንደገና ይታይ።

ያልዞረ እንደ ሆነ ደግሞ ሌላ ቀን መሞከር ይቻል እንደ ሆነ ጠይቂ፤ ካልሆነ የቀዶ ሕክምናው ቀን በ39ኛው ሳምንት ገደማ ይቆረጣል። በዚህ ጊዜ ሩቅ የምትኖር እናት የእናቶች ማቆያ ትፈልግ፤ ይህ ሥርዓት በጎረቤታችን በጉራጌ ምድር በአጣጥ ሆስፒታል ከብዙ ዓመታት ጀምሮ የተለመደ ነው፣ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ማቆያ አለ። አልጋውን ከማየትሽ በፊት እንጨትና ውሃ፣ ምግብ የሚያበስልልሽ ሰው፣ ቤት ለቀሩት ልጆች የሚሆን ጠባቂ አዘጋጂ፤ እናት ከማቆያው ቶሎ እንድትመለስ የሚያደርጋት በአብዛኛው የቤት ሐሳብ ነው። በመንግሥት ተቋም የወሊድ አገልግሎት በነጻ ቢሆንም ለአስታማሚ ስንቅና ለአንዳንድ መድኃኒት የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ይያዝ።

ከቀጠሮው በፊት ምጥ ቢመጣ ወይም ውሃው ቢፈስ የሚደረገውን ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። እትብት ወርዶ ቢታይ፣ በጉልበትሽና በደረትሽ ተደፊ፣ ዳሌሽን ከፍ አድርጊ፣ እንደዚያው ሆነሽ ወደ መኪናው ይውሰዱሽ፤ እትብቱን ማንም አይነካካው። የልጁ እግር ወይም መቀመጫ ብቅ ብሎ ቢታይ ማንም፣ አዋቂም ይሁን ጎበዝ፣ ይዞ አይጎትት፤ ሲጎተት እጆቹ ወደ ላይ ይወጣሉ፣ አገጩም ከደረቱ ይለያል፣ ራሱም ተቀርቅሮ ይቀራል። ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይጩኹ፣ እጃቸውን ግን ይሰብስቡ። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክ ቁጥር ባልሽም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም፣ ስልክ ያለው ጎረቤትም ይያዝ፤ ለሾፌሩ የሚነገረው የመጀመሪያ ቃልም «ልጁ በመቀመጫው ነው» የሚል ይሁን፣ ሕፃኑ መታየት ካልጀመረ በቀር በመንገድ ባለው ጤና ጣቢያ ሁሉ ሳይቆም የቀዶ ሕክምና ክፍል ወዳለበት ሆስፒታል እንዲያደርስሽ።